ጥፋትና ጉዳት በምን ይያያዛሉ?

ሠራተኛ የሚቀጥር፣ መጋዘን የሚያከራይ ወይም የጭነት መኪና የሚያሰማራ ነጋዴ ሁሉ አንድ ቀን ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጥፋት ተፈጽሟል ወይ? ጉዳትስ ደርሷል ወይ? የሚለውን ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ ጉዳቱ የደረሰው በዚያ ጥፋት ምክንያት ነውን?

ይህን የሚያስረዳ በእንግሊዝ አገር የታወቀ ፍርድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የአዲስ ዓመት ዕለት ንጋት ላይ ሦስት የሌሊት ዘበኞች ሻይ ጠጥተው ማስመለስ ያዛቸው። ወደ ሆስፒታል ቢሄዱም ተረኛው ሐኪም ሳያያቸው፣ ቤታቸው ገብተው የየራሳቸውን ሐኪም እንዲጠሩ በስልክ አዘዘ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ አንደኛው ሞተ፤ የገደለውም አርሴኒክ የተባለ መርዝ መሆኑ ታወቀ። ሚስቱ ከሰሰች። ዳኛው ሐኪሙ ግዴታውን አለመፈጸሙን አረጋገጡ፤ ሆኖም በሽተኛውን ቢያየው እንኳ ማርከሻው በጊዜ ሊደርስለት እንደማይችል ከማስረጃው ስለ ተረዱ ክሱን ውድቅ አደረጉ። ጥፋት ነበረ፤ ሞትም ነበረ፤ ሁለቱን የሚያያይዘው ግን አልተገኘም።

በዚህ ፍርድ ተማምኖ ቸል የሚል አሠሪ ደግሞ ሌላውን ይመልከት። በስኮትላንድ አንድ ሠራተኛ በጡብ ምድጃ ውስጥ ሲሠራ ይውል ነበር። አሠሪው መታጠቢያ ስላላዘጋጀለት ላብና አቧራ እንደ ተለጠፈበት በብስክሌት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቆዳውም ታመመ። ሐኪሞች መታጠቢያ ቢኖር ኖሮ በሽታው ይቀር ነበር ብለው ለመመስከር አልቻሉም። በዚያን ጊዜ የበላይ ዳኝነት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1972፣ አሠሪው በቸልተኝነቱ የበሽታውን አደጋ በጉልህ አሳድጓልና ኃላፊ ነው ሲል ፈረደ።

በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028፣ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል። የመኪናና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት በቁጥር 2081 መሠረት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ይሁን እንጂ ጉዳቱ በዚያው ንብረት የደረሰ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ስለዚህ አደጋ በደረሰ ጊዜ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመሣሪያውን ሁኔታና የምስክሮችን ስም ሳይውል ሳያድር በመዝገብ ማስፈር፣ ተጎጂውንም ወዲያው በሐኪም ማስመርመር ይገባል። እንዲህ ያለው መዝገብ ነጋዴውን ከማይገባው ዕዳ፣ የተጎዳውንም ሰው ከነቤተሰቡ መብቱን ከማጣት ይጠብቃል።