በውሻ ቆዳ ላይ ስለሚወጣ እባጭ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ነገር አለ፤ ይኸውም «ውሻችን እባጭ አወጣ፤ ለልጆቹ ይጋባ ይሆን?» የሚል ነው። የውሻ ነቀርሳ ወደ ሰው አይጋባም። ስለዚህ በጎቹን ከጅብና ከቀበሮ የሚጠብቀውን ውሻ በእባጩ ምክንያት ማባረር ወይም መግደል አይገባም።

ደግሞም እባጭ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። መዥገር ደም ጠጥቶ ሲያብጥ ኪንታሮት ይመስላል፤ ጠጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፣ እግር ካለው መዥገር ነው። ቡግንጅ ይሞቃል፣ ሲነኩት ያመዋል፣ በጥቂት ቀንም መግል ይቋጥራል። በቡችላ አፍ ዙሪያ የሚወጣ ኪንታሮት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ራሱ ይጠፋል።

የሚያሠጋው ከወር ወደ ወር የሚያድግ፣ የሚቆስልና የሚደማ፣ ከሥጋው ጋር የተጣበቀ እባጭ ነው። አንዳንዱ ዛሬ አብጦ ነገ ይሟሽሻል፤ ሰው ታዲያ «ዳነለት» ብሎ ይተወዋል፤ እንዲህ ያለው ግን ክፉ ሊሆን ይችላል። በሴት ውሻ ጡት ላይ የሚወጣውንም ችላ አትበሉ። በየወሩ በማርያም ዕለት ውሻውን ዳብሱት። እባጩ እንደ አተር፣ እንደ ባቄላ ወይስ እንደ ዕንቁላል መሆኑን ልብ ብላችሁ ለከብት ሐኪሙ ንገሩት።

ከውሻ ወደ ውሻ የሚጋባ ነቀርሳም አለ። በብልት ላይ፣ አልፎ አልፎም በአፍንጫና በአፍ ላይ፣ ቀይና ጉጥ ጉጥ ያለ፣ ቶሎ የሚደማ ሥጋ ሆኖ ይወጣል። ውሾች ሲጠቃቁ፣ ሲላላሱና ሲሻተቱ የነቀርሳው ሕያው ሥጋ ከአንዱ ተቀርፎ በሌላው ላይ ይበቅላል። ሊቃውንት እንደ ደረሱበት ይህ ነቀርሳ ከብዙ ሺሕ ዓመት በፊት ከኖረ ከአንድ ውሻ ተነሥቶ ነው በዓለም ላሉ ውሾች የተዛመተው፤ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ደግነቱ ግን የሚድን ነው። ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒት ከማዳጋስካር አበባ የተገኘ ሲሆን፣ ለጥቂት ሳምንታት በየሳምንቱ በደም ሥር ሲሰጥ ብዙዎቹን ውሾች ያድናል። ይህን መድኃኒት የወሰደ ውሻ ሽንቱና ዓይነ ምድሩ ለጥቂት ቀናት በባዶ እጅ አይነካ፤ ልጆችና ነፍሰ ጡር እናቶችም ይራቁት።

እባጩን በጋለ ብረት መተኮስ፣ በምላጭ መቁረጥ፣ በክር ማነቅ ነውር ባይሆንም ጉዳት ነው። ነቀርሳው ሥሩ ይቀራል፤ ቁስሉ ላይ ዝንብ ይሰፍርበትና ትል ያፈራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ሕመም የጸናበት ውሻ የገዛ ጌታውን ይነክሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው አይድንም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡ፤ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ውሻውን ከዳበሱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው፤ ሳሙና ከጠፋ በአመድ። ሊጡን የምታቦካ እናትማ ይህን አትርሳ። ወደ ከብት ሐኪም ስትወስዱት ለጊዜው አፉን በለስላሳ ጨርቅ እሰሩት፤ ትንፋሹ እንዳይታፈን አፍንጫውን ነጻ ተዉለት።