ለዘመሮ ስልኮች የሚስማማ የፎቶ ማስተካከያ

የመንዝ ፀሐይ ለፎቶ አስቸጋሪ ናት። ዘመሮ ደጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ በቀጥታ ከአናት የሚወርድ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት በርኖስ ከደረቡ ጎረቤታቸው ጋር ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ የስልክ ካሜራ ሁለቱን እኩል ማየት አይሆንለትም። ለጋቢው ንጣት ሲል ብርሃኑን ከቀነሰ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ዓይናቸው ከባርኔጣቸው ጥላ ሥር ይጠፋል። ለበርኖሱ ካደላ ደግሞ ጋቢው ጥለቱ እንኳ አይለይም። እንዲህ ያለ ፎቶ የተበላሸ እየመሰላቸው የሚያጠፉት ብዙዎች ናቸው። ግማሹ ግን ይድናል።

ይህን በነጻ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ሞልተዋል። ዘመሮ ወይም መሐል ሜዳ ላለ ጀማሪ ምርጫውን የሚወስነው ግን የመሣሪያዎቹ ብዛት አይደለም። ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል ወይ? በየመሐሉ ማስታወቂያ እየከፈተ ዳታ ይበላል ወይ? ተሳስቼ ብነካ ወደ ነበረበት መመለስ እችላለሁ ወይ? በእነዚህ ሲመዘን፣ ለስልክ ከስናፕሲድ የሚቀድም አላገኘሁም። ስናፕሲድን ኒክ ሶፍትዌር የተባለ ኩባንያ በ2011 እ.ኤ.አ. ለአይፓድ አወጣው። በ2012 ጉግል ኩባንያውን ገዛ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለአንድሮይድ ስልኮችም በነጻ ተለቀቀ። ማስታወቂያ የለውም፣ አንዴ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

መጀመሪያ የሚለመደው «ቲውን ኢሜጅ» የሚለው ክፍል ነው። ጣትን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንሸራትቱ የሚስተካከሉት ነገሮች ስም ይመጣል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያንሸራትቱ መጠናቸው ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ከነዚህ ውስጥ ለእኛ ብርሃን ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ «ሻዶውስ» የጨለመውን ክፍል ያነሳል፣ «ሃይላይትስ» የነጣውን ይገታል። አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ሲያደርጉ ፊቱ ከጥላው ይወጣል፣ የጋቢው ጥለትም ይታያል። አሁንም ፊቱ ብቻ ጨልሞ ከቀረ «ሴሌክቲቭ» አለ፤ ፊቱ ላይ አንድ ነጥብ ያኖሩና ሌላውን ሳይነኩ ያን አካባቢ ብቻ ያበሩታል።

እዚህ ላይ ሲያነሱ ጀምሮ ማወቅ የሚበጅ ነገር አለ። ጨርሶ ነጭ የሆነ ቦታ ውስጥ ምንም መረጃ ስለማይቀር፣ የትኛውም ሶፍትዌር ጥለቱን አይመልሰውም። የጠቆረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ከማንሳት በፊት ስክሪኑ ላይ ጋቢውን ነካ አድርጎ ምስሉን ጠቆር ማድረግ፣ ፊቱን በኋላ ማንሳት ይሻላል። ጓሳ ሄዶ በጉም ውስጥ ጭላዳ ያነሳ ሰው ደግሞ «ስትራክቸር»ን ትንሽ ቢጨምር ፀጉሩ ይለይለታል። ከበዛ ግን ጉሙ ይቆሽሻል።

ቆዳ የሚያቀሉና አፍንጫ የሚያቀጥኑ መተግበሪያዎችን ለጀማሪ አልመክርም። ፎቶ ማሳመር አዲስ ነገር አይደለም፤ በፊልም ዘመንም የፎቶ ቤት ባለሙያዎች ነጋቲቩን በእርሳስ ይነካኩ ነበር። ነገር ግን አንድ ቁልፍ ተነክቶ የእናት ፊት መስመሮች ሁሉ ሲጠፉ፣ ለልጅ ልጅ የሚቀረው ፎቶ የማንም ሊሆን የሚችል ፊት ይሆናል። ይህ ያሳዝነኛል።

በተለይም የሟች ፎቶ ሲሆን። በገጠር ብዙ ሰው በሕይወት ዘመኑ የተነሳው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም መታወቂያ ላይ ተለጥፎ ማኅተም አርፎበታል። ለሙት ዓመት ይጎላ ሲባል ሥራው የሚጀምረው ከዚያች ትንሽ ወረቀት ነው። መታወቂያውን በደጃፍ ጥላ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ትይዩ ይዞ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ላይ ከሆነ ያብረቀርቃል። ከዚያ ጠርዙን በ«ክሮፕ» መቁረጥ፣ ጭረቱንና በልብስ ወይም በጀርባው ላይ ያረፈውን የማኅተም ቀለም በ«ሂሊንግ» ቀስ እያሉ ማንሳት። «ሂሊንግ» የሚሠራው ከአጠገቡ ካለው ቦታ እየወሰደ በመሸፈን ነው። በልብስ ላይ ያምርበታል። ማኅተሙ ዓይን ወይም ከንፈር ላይ ካረፈ ግን የሰውየውን ዓይን ሊያመጣው አይችልም፤ የሌላ ቦታ ቆዳ ይለጥፍበታል። እንዲህ ሲሆን ማኅተሙን እዚያው መተው ይሻላል እላለሁ፤ ቤተሰቡ የሚያውቀው ፊት ከነማኅተሙ የእሳቸው ነው። ሲያስቀምጡም በቅጂ የሚያስቀምጠውን መምረጥ ይገባል፤ የመጀመሪያው ምስል ሳይነካ ይቆያል።

ለማመልከቻ የሚቀርብ ፎቶ ሕጉ ሌላ ነው። ለዲቪ ሎተሪ ለዓመታት የተጠየቀው ካሬ ምስል 600 በ600 ፒክስል፣ ክብደቱም ከ240 ኪሎባይት የማይበልጥ ነው። መጠኑን መቁረጥ ይፈቀዳል፤ መልክን በሶፍትዌር መቀየር ግን ማመልከቻውን ያስጥላል። እንዲህ ያለውን ልክ በትክክል ለማውጣት ኮምፒውተር ይመቻል፤ ለዚህም ጂምፕ አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች የጀመሩት፣ እስከ ዛሬም በነጻ የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው። በአማርኛ ፊደልም ይጽፋል፤ አቢሲኒካን የመሰለ ነጻ ፊደል ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ብቻ ነው። የጂምፕ መልክ ለጀማሪ ከበድ ይላል። መጫን ያልፈለገ በብሮውዘር ፎቶፒያን ይክፈት። ገጹ አንዴ ከተከፈተ ኔትወርክ ቢቋረጥም ይሠራል፣ ፎቶውም ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ አይላክም፤ በነጻ ሲጠቀሙበት ግን ጎኑ ላይ ማስታወቂያ ያሳያል።

ፎቶሾፕ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት ሆኗል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሬ ካርድ ነው። ስለዚህ በፍላሽ እየተቀባበለ የሚዞር የተሰበረ ቅጂ በየቦታው ይገኛል። ከሱ ጋር ቫይረስ ገብቶ የዓመታት የሠርግና የክርስትና ፎቶ ሊያጠፋ ይችላል። በነጻና በሕጋዊ መንገድ የሚገኘው እያለ ይህን አደጋ መሸከም አያስፈልግም። ስናፕሲድንም ቢሆን በዜንደር ከሰው ስልክ ከመቀበል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ከፕሌይ ስቶር ማውረድ ነው።

የተስተካከለውን ፎቶ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ላለ ፎቶ ቤት ስንልክ አብዛኞቻችን በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ምስልን በተራው መንገድ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ገደማ ያሳንሰዋል። ለስልክ ስክሪን ይህ ይበቃል፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ ግን አይበቃም፣ ሲጎላ ይደበዝዛል። ሲልኩ «ፋይል» የሚለውን መምረጥ፣ ለፎቶ ቤቱም በስንት በስንት ሳንቲሜትር እንደሚታተም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።