ከሱብሒ በኋላ ብስክሌት ለሚነዱ



«ጠዋት ብስክሌት የምነዳው በባዶ ሆድ ቢሆን ይሻለኛል?» ይህ ጥያቄ በመድኃኒት ቤት መስኮት ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። መልሱ እንደ ጠያቂው ጤንነት ይለያያል።

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ልብና ሳንባ ይበልጥ ይሠራሉ። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ውኃ ይጠጣ፤ ጥቂት ተምር ወይም አንድ ብርጭቆ በሶ ይውሰድና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከዚያም 10 ደቂቃ በሜዳ ላይ በዝግታ ነድቶ ሰውነቱን ካሟሟቀ በኋላ ዳገቱን ይጀምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም የደጋ ልጅ ነው። ደጋ ለተዘጋጀ አካል መልካም መለማመጃ ነው።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ የስኳር ታማሚ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በባዶ ሆድ ከነዳ በደሙ ያለው ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቶቹ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ማዞር ናቸው። ነጂው ግን «ዳገቱ ነው ያደከመኝ» ብሎ ያልፋቸዋል። ቁልቁለት ላይ ራሱን ቢስትስ?

ስለዚህ ሳይበላ አይንዳ፤ ስኳሩን ይለካ፤ ብቻውን አይሂድ። ምልክቱ ሲሰማው ወዲያው ወርዶ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ። የመድኃኒቱን መጠን በራሱ አይቀንስ፤ ሐኪሙን ያማክር። በሚጾምበት ቀንም ብስክሌቱን ያቁም።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።