ጀምበር ፒያሳ እስኪደርስ

ደሴ ፒያሳ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ከአዟሪው እጅ ምን እንደሚያገኝ ቀድሞ ያውቀዋል፦ የቆየ ልቦለድ፣ የትርጉም ሥራ፣ መንፈሳዊ መጽሐፍ፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የፈተና መለማመጃ። በሥዕል ተጀምሮ በሥዕል የሚያልቅ የአማርኛ የጀብዱ መጽሐፍ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ጠፍቶ አይደለም፤ ተጽፏል፣ ተስሏል፣ ታትሟልም። «ጀምበር» የተባለው ኮሚክ እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛና በአማርኛ ወጥቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ካልተጠቀሰ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የ«ጀምበር» ባለታሪክ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ወይም ውርስ የተትረፈረፈለት ሰው አይደለም። አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የሚቆመውን ወጣት ኮምቦልቻም ደሴም ያውቁታል። ይህ ወጣት ነው ሳያስበው ከሰው በላይ የሆነ ኃይል የሚያገኘው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ተብሎ የተዋወቀውም እሱ ነው።

ደራሲው በስራት ደበበ ነው። አዲስ አበባ አድጎ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደ፤ እዚያም ኢታን ኮሚክስ የተባለውን አሳታሚ ድርጅት መሠረተ። ከ«ጀምበር» ቀጥሎ «ሃዊ» መጣች፤ አሜሪካ ያደገች፣ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ እናቷ የምትታገትባትና ኃይሏን የምታገኝ የእምነት ለገሠ ታሪክ ናት። ከዚያ ደግሞ «ዙፋን»፤ ይህኛው በጣሊያን ወረራ ዘመን ላይ የተመሠረተ ታሪካዊ ልቦለድ ነው። የሚገርመው ሥዕሉ የተሠራበት ቦታ ነው። «ጀምበር»ን ከሳሉት መካከል ስታንሊ ኦቤንዴ ናይጄሪያዊ ነው። አዲስ አበባን ለአማርኛ አንባቢ የሚስለው የናይጄሪያ ሰው፣ የሚጽፈው አሜሪካ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ማለት ነው። ይህን ቅር የሚለው ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ናይጄሪያ የኮሚክ ሠዓሊዎች የሚሰባሰቡባቸው እንደ ኮሚክ ሪፐብሊክ ያሉ ድርጅቶች ያሏት አገር ናት፤ ሙያው ያለበት ሄዶ መፈለግ ደግሞ ነውር የለውም።

ስለ እንዲህ ያሉ አሳታሚዎች ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ጀግናው ይሆናል፦ ልብሱ ምን ይመስላል፣ ኃይሉ ከየት መጣ፣ ከብላክ ፓንተር ይበልጣል ወይስ ያንሳል። ዋናው ፈተና ግን እዚያ አይደለም። ሒሳቡ ላይ ነው።

ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ማተሚያ ቤት እስኪደርስ ድረስ ለማንም አምስት ሳንቲም ላይከፍል ይችላል። ማታ ማታ ይጽፋል፣ ጓደኛው ያነብለታል፣ አለቀ። ኮሚክ እንዲህ አይሆንም። ደራሲው ታሪኩን በገጽና በሣጥን ከፋፍሎ ይጽፋል፤ በዚህኛው ሣጥን ማን ቆሟል፣ ከየት አቅጣጫ ይታያል፣ ምን ይላል። ከዚያ ሠዓሊው በእርሳስ ይነድፋል። ሌላው በቀለም ያጠነክረዋል፤ ሌላው ያቀልመዋል፤ ሌላው ንግግሩን በአረፋው ውስጥ ይጽፋል። የአሜሪካ ወርኃዊ ኮሚክ ለረጅም ጊዜ 22 ገጽ ያህል ነበር፤ ጎበዝ የሚባል ሠዓሊ በቀን አንድ ገጽ ከሠራ ደግ ነው። ስለዚህ አንዷን ቀጭን ጥራዝ ለማውጣት የበርካታ ባለሙያዎች የአንድ ወር ደሞዝ ይወጣል፤ ይህ ሁሉ ገና አንድ ቅጂ ሳይሸጥ ነው። የኅትመቱ ወጪ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ባለ ቀለም ገጽ አራት ቀለም፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ፕሌት ይፈልጋል። ወረቀቱ ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። የፕሌቱ ዋጋ 500 ቢታተም 5,000 ቢታተም ስለማይለወጥ፣ ጥቂት ያሳተመ ሰው እያንዳንዱን ቅጂ በውድ ካልሸጠ ይከስራል። በውድ ከሸጠ ደግሞ አንባቢው ይሸሻል። ብዙ ሐሳብ እዚህ ጋ ሞቷል።

ኢታን ይህንን ቋጠሮ ከፈታበት መንገድ አንዱ ኪክስታርተር የተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነው። አሠራሩ ለዕቁብተኛ አይከብድም፦ ሰዎች መጽሐፉ ሳይታተም ቀድመው ገንዘባቸውን ያዋጣሉ፣ ሲታተም ድርሻቸውን ይቀበላሉ። ልዩነቱ የተወሰነው መጠን በተወሰነው ቀን ካልሞላ ማንም ብር አለመክፈሉ ነው፤ አሳታሚውም ባዶ እጁን ይቀራል። ኪክስታርተር ላይ ፕሮጀክት መክፈት የሚቻለው ግን ከተፈቀዱ አገሮች ለሚመጣ ሰው ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ከእነሱ ውስጥ የለችም። ያንኑ ሐሳብና ያንኑ ችሎታ ይዞ ደሴ የሚቀመጥ ወጣት በሩን ማንኳኳት እንኳ አይችልም። ኢታን በውጭ አገር የተወለደው በአጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል።

እዚህ ላይ የሌሎችን መንገድ ማየት ይጠቅማል። እነዚያ በእኛም ቴሌቪዥን ልጆች ያደጉባቸው ኒንጃ ኤሊዎች የትልቅ ኩባንያ ልጆች አልነበሩም። በ1984 ኬቪን ኢስትማንና ፒተር ሌርድ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ከኢስትማን አጎት ተበድረው 3,000 ገደማ ቅጂ በጥቁርና ነጭ አሳተሙ። ጥቁርና ነጭ የሆነው ለውበት አልነበረም፤ የሚረክሰው እሱ ስለነበር ነው። በ1992 ደግሞ ሰባት ታዋቂ ሠዓሊዎች ማርቭልን ትተው ወጥተው ኢሜጅ ኮሚክስን መሠረቱ፤ ጥያቄያቸው የሳልነው ገጸ ባሕርይ የእኛ ይሁን የሚል ነበር። የቶድ ማክፋርሌን «ስፓውን» የመጀመሪያ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

ለበስራት የሚቀርበው ምሳሌ ግን ሮዬ ኦኩፔ ነው። ከሌጎስ አሜሪካ የገባው ኦኩፔ ዩኒክ ስቱዲዮስን አቋቁሞ፣ «ኤክሶ» የተባለ መጽሐፉን በ2015 አሳተመ፤ ወጪውንም በኪክስታርተር ከአንባቢ ሰበሰበ። ዓመታት ራሱ ሲያሳትም ቆይቶ በ2021 ዳርክ ሆርስ ከተባለው የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚ ጋር ተዋዋለ። «ኢያኑ» የተባለችው ታሪኩ በ2025 አኒሜሽን ሆና በካርቱን ኔትወርክ ታየች። ከመጀመሪያው መጽሐፍ እስከ ቴሌቪዥን አሥር ዓመት ማለት ነው፤ ለአገራችን ትዕግሥት ረጅም ይመስላል፣ ለዚህ ሥራ ግን አጭር ነው።

በአገር ውስጥ የተሞከረ ሌላ መንገድም አለ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የሠሩት ብሩክታዊት ጥጋቡና ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» በተባለ ሥራ ልዩ ኃይል ያላቸውን ሦስት ልጃገረዶች አስተዋውቀዋል። ሴቶቹ የሚፋለሙት ያለ ዕድሜ ጋብቻንና መሰል ጎጂ ልማዶችን ነው። ዓላማው ትምህርት ስለሆነ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ማግኘት ይቻላል። ለጋሽ ያለበት ታሪክ ግን መልእክቱን አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት፤ ሥራ ያጣ ተመራቂ ዝም ብሎ ጀብዱ እንዲሠራ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት የለም። ለእንዲህ ያለው ገንዘብ የሚያወጣው አንባቢ ብቻ ነው። ነጻ አሳታሚ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የሥዕል ታሪክ ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ካለ ከደሴ በስተሰሜን፣ መኪና ተሳፍሮ ብዙ ሳይርቅ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይድረስ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ የሚባለው በሥዕል ያጌጠ ወንጌል ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የዚያ ገዳም ቅርስ ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ ሣጥኖች፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሥዕሎች፣ ከግርጌያቸው ጽሑፍ ጨምሮ መሳል ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ለቱሪስት የሚሸጥ የታወቀ ሥራ ነው። ያ ሸራ ገጽ በገጽ ቢቆረጥ ኮሚክ ነው። የጎደለን ዓይን አይደለም።

የጎደለው መጽሐፉን ከአንባቢው ጋር የሚያገናኘው መንገድ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ ቅጂ ለመግዛት ዓለም አቀፍ ካርድ ያስፈልጋል፤ የደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተማሪ ኪስ ውስጥ ይህ ካርድ የለም። የታተመውም በአውሮፕላን ተጭኖ ከመጣ ማጓጓዣው ከመጽሐፉ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ሲዘጋ የሚከፈተው በር ቴሌግራም ነው፤ እሱ ግን ለአሳታሚው ገንዘብ አያስገባም። የአገራችን ደራሲያን መጽሐፋቸው በወጣ ሰሞን በፒዲኤፍ ተቃኝቶ ሲዞር ማየት ለምደዋል፤ ልቦለድ ጸሐፊው ይህን ይበሳጭበታል፣ ለአምስት ባለሙያ ከኪሱ የከፈለ የኮሚክ አሳታሚ ግን ይዘጋበታል።

ታሪኩ ደግሞ እዚሁ ነው ያለው። «ዙፋን» በሚተርክበት በዚያ ዘመን፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ወጥተው በመትረየስ ወደ ሰማይ ተኮሱ፤ የውጭ ጋዜጠኞችም ፎቶ አነሷቸው። ይህን የመሰለ ትዕይንት ለኮሚክ ሠዓሊ አንድ ሙሉ ባለ ሁለት ገጽ ነው፤ ደሴ ደግሞ እንዲህ ያለ ታሪክ አንድ ብቻ የላትም።

እንዴት ይታተም ከተባለ የኒንጃ ኤሊዎቹ ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ ጥቁርና ነጭ፣ ርካሽ ወረቀት፣ ቀጭን ጥራዝ። ቀለሙን ለሽፋኑ ብቻ ማድረግ ነው። ቅድመ ክፍያው ደግሞ ኪክስታርተርን መጠበቅ የለበትም፤ ቴሌብር ከ2021 ጀምሮ አለ። ሦስት መቶ ሰው ከደሴና ከኮምቦልቻ ቀድሞ ከከፈለ፣ አሳታሚው ቢያንስ ፕሌቱን ማን እንደሚችለው አውቆ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ መጽሐፉም ሲያልቅ አዟሪው እጅ ላይ የሚደርሰው ወጪው ተሸፍኖ ነው።