የሚወልቅ ጥርስ አትናቁ

ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ድረስ ጥርሱን ሊያሠራ የሄደ ሰው ሲመለስ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አስተከልህ ወይስ የሚወልቅ ነው?» መልሱ «የሚወልቅ» ከሆነ ሰውየው ድምፁን ቀነስ አድርጎ ነው የሚናገረው። ለኢምፕላንት አቅም ያነሰው ሰው አማራጭ አጥቶ የሚቀበለው ነገር ተደርጎ ይቆጠራላ። እኔን ይህ ነገር ያናድደኛል። ያለ ብሎን፣ ያለ ሲሚንቶ፣ በባዶ ድድ ላይ ተቀምጦ ሳይወድቅ የሚያስበላ፣ የሚያስወራና የሚያስቅ ዕቃ ተራ ነገር አይደለም።

ኢምፕላንትን አልጠላም። የታይታኒየም ብሎን መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ አጥንቱ በወራት ውስጥ ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ከዚያ ጥርሱ ይገጠምበታል። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 በሰው ላይ ከሠራው ወዲህ ብዙዎችን ጠቅሟል። ነገር ግን በቂ አጥንት ይፈልጋል፣ ቀዶ ሕክምናና ተደጋጋሚ ክትትል ይፈልጋል፣ ስኳሩን ባልተቆጣጠረና ሲጋራ በማይተው ሰው ላይ የመክሸፍ ዕድሉ ይጨምራል። ዋጋውም በሬ ያሸጣል።

ብሪጅ የሚባለውን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ከጎደለው ጥርስ ግራና ቀኝ ያሉት ይሞረዱና ልባስ ይደረግላቸዋል፤ መሐል ላይ የሚገባው ጥርስ ከሁለቱ ልባሶች ጋር አንድ ሆኖ ይሠራና በጥርስ ሲሚንቶ ይጣበቃል። አጠገቡ ያሉት ጥርሶች ቀድሞውኑ ተቦርቡረው ከሆነ ግሩም ነው። ጤነኞች ከሆኑ ግን የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልምና ሁለቴ ማሰብ ያስፈልጋል። ለአንድ የፊት ጥርስ ከጀርባ በኩል የሚለጠፍ፣ ብዙ ሞረዳ የማይጠይቅ ቀጭን ዓይነትም አለ፤ የሜሪላንድ ብሪጅ ይሉታል። ብሪጅ አሠርቶ ሥሩን በክር የማያጸዳ ሰው ግን ገንዘቡን ሜዳ ላይ በተነው በሉት።

ባለበት መተውም ራሱን የቻለ ምርጫ ነው። ትልቅ ሰው 32 ጥርስ አለው፤ ሁሉም ካልተሟላ መብላት አይቻልም ያለ ማንም የለም። ሆላንዳዊው አርንድ ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ሥራ 20 ያህል በደንብ የሚገናኙ ጥርሶች ለአብዛኛው ሰው እንደሚበቁ አሳይቷል። ስለዚህ የመጨረሻዋን መንጋጋ ጥርስ ያጣ ጎልማሳ ሁሉ መንገድ መጀመር የለበትም።

የሚወልቀው ጥርስ ጥቂት ለጎደለውም ሁሉንም ላጣም ይሠራል። የጥቂቱ አንዳንዴ ከአክሪሊክ ብቻ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከኮባልትና ክሮሚየም ብረት ይሠራና በቀሩት ጥርሶች ላይ በመንጠቆ ይያዛል። የብረቱ ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ የአክሪሊኩ ግን ጥርስ ሲጨመርበትም ሲሰበርም በቀላሉ ይጠገናል። የሚወልቅ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ልቤን የሚያሳዝኑት ወጣቶች አሉ። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ እየተፈለፈለ ገና ያልወጣ የወተት ክራንቻው የሚነቀልበት ልማድ በአገራችን አልጠፋም። ከሥሩ የተቀመጠው የቋሚው ክራንቻ ቡቃያ አብሮ ሲጎዳ፣ ልጁ አድጎ ክራንቻው ጠማማ ሆኖ ይወጣል ወይም ጭራሽ አይወጣም። ለእንዲህ ያለው ልጅ አንዲት ጥርስ ያላት ትንሽ ተነቃይ ቶሎ ትደርስለታለች። አደጋዋ ግን ትንሽነቷ ነው፤ ተኝተው ወይም ሲበሉ ትዋጣለች። ተራ አክሪሊክ ደግሞ በራጅ አይታይም። «ዋጥኩ መሰለኝ» ብሎ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ምን እንደዋጠ በቃሉ ካልተናገረ ፎቶው ምንም ላያሳይ ይችላል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ሙሉው የላይኛው ጥርስ ሳይወድቅ የሚቆየው በምንድን ነው? የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «በጥብቀቱ» ይለኛል። ስለዚህ ሲላላበት ሠሪውን ይረግማል፤ ሲያመው ደግሞ «ጥሩ ጠብቋል» ብሎ ይታገሣል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ሁለት መስታወት በውኃ ረጥበው ቢደራረቡ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ እንጂ ወደ ላይ ሊያላቅቋቸው ሲሞክሩ እምቢ ይላሉ። የላይኛውን ጥርስ የያዘውም ይኸው ነው፤ በላንቃውና በአክሪሊኩ መካከል ያለች ስስ የምራቅ ሽፋን። አፉ ሁልጊዜ የሚደርቅበት ሰው የሚወልቅ ጥርስ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

የምራቋ ሽፋን እንድትሠራ ዙሪያው አየር ማስገባት የለበትም። ከፊትና ከጎን ከንፈርና ጉንጭ ጠርዙን ይከድኑታል። ችግሩ ኋላ ነው፤ እዚያ የሚከድን ጉንጭ የለም። ልኬት ላይ ሐኪሙ «አ በሉ» ሲል ጉሮሮ የሚያይ ይመስላችኋል፤ አይደለም። ጠንካራው ላንቃ አልቆ የሚንቀሳቀሰው ለስላሳ ሥጋ የሚጀምርበትን መስመር ነው የሚፈልገው፤ «አ» ሲባል ያ መስመር ይርገበገባል። ከዚያ የጥርስ ላቦራቶሪ ባለሙያው በጄሶው አምሳያ ላይ፣ በዚያው መስመር፣ በትንሽ ቢላ እጅግ ጥልቀት የሌላት ቦይ ይፍቃል። አክሪሊኩ ሲፈስስ ቦዩን ይሞላና ስስ ክር ሆኖ ይወጣል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ለስላሳውን ሥጋ በቀስታ ጫን ይላል፤ አየሩም በኋላ በኩል መግቢያ ያጣል። ሲፍቅ ያየሁት ባለሙያ አንገቱን ደፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የጄሶውን ብናኝ በብሩሽ እየጠረገ ነበር። መኪና የሚገጥም ሰው እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

ታዲያ የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ኋላ በኩል «ያስመልሰኛል» ብሎ ያን ጠርዝ ቤቱ ገብቶ በምላጭ ይልጠዋል፣ በሞረድ ይከረክመዋል። ከዚያ ጥርሱ ሲወርድበት «ውራጅ ሰጡኝ» ይላል! የማስመለስ ስሜቱ በብዙ ሰው ላይ በቀናት ውስጥ ይቀላል፤ ካልቀለለም የሚያስተካክለው የሠራው ባለሙያ ነው። እባካችሁ ምላጩን አስቀምጡት።

የታችኛው ሌላ ጉዳይ ነው። ላንቃ የለውም፣ በመሐሉ ምላስ ይመላለሳል፣ የሚያርፍበት ድድ ስፋትም ከላይኛው ግማሽ ያህል ነው። በዚያ ላይ ጥርስ የሌለው አጥንት እየተመጠጠ ይሄዳል። አንትየ ታልግሬን የተባለች ተመራማሪ ሙሉ ጥርስ ያደረጉ ሰዎችን ለ25 ዓመታት ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው ጥናት የታችኛው መንጋጋ ሸንተረር ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ አሳይታለች። ስለዚህ የታችኛው በምራቅ ብቻ አይያዝም፤ በምላስና በጉንጭ ሚዛን ነው የሚቀመጠው። ምላስ ወደኋላ ሲሸሽ ጥርሱ ይነሣል፤ ጫፏ ከፊት ጥርሶቹ ጀርባ ስታርፍ ይረጋል። ይህን የሚያስተምር ሰው ስለማያገኙ ብዙዎች የታችኛውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ።

አበላሉም ይለወጣል። በፊት ጥርስ መግመጥ ኋላውን ያነሣዋል፤ በአንድ ወገን ብቻ ማኘክም ሌላውን ወገን ያነሣዋል። ትንሽ ትንሽ ቆርሶ በሁለቱም ወገን እኩል ማኘክ ነው ዘዴው። እዚህ ላይ እኛ የታደልን ነን። ፖም የሚገምጥና በደረቅ ዳቦ መሐል ሥጋ ከትቶ የሚነክስ ሕዝብ በሚወልቅ ጥርስ ሲሰቃይ እኛ እንጀራችንን በጣት ቆርሰን፣ በወጥ አርሰን፣ በልክ እንጎርሳለን። የፊት ጥርስ ምንም ሥራ የለውም። ጠላታችን ሁለት ነው። አንዱ አፍ እስኪቀደድ የሚያጎርስ ወዳጅ ነው። ሁለተኛው የገብስ ቆሎ ነው። ከጉና ተራራ ወዲህ ያለ ሰው ቆሎ ተው ቢባል ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፤ ቢሆንም በሙሉ ጥርስ የመንከስ ኃይል ከተፈጥሮው ሩብ ያህል ቢሆን ነው፤ እንክብሏ ደግሞ ከአክሪሊኩ ሥር ገብታ ድድ ታቆስላለች። ገብሱን በበሶ መልክ ብሉት፣ ንፍሮም አይከለከልም።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አክስቴ ትቀየመኛለች። እሷ በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳለች፤ ያኔ ለጥርስ ንጣትና ለቁንጅና ተብሎ ድዱ በመርፌ እየተወጋ ጥላሸት ይገባበት ነበር። ጥርሷን ጨርሳ ስታሠራ የመጣላት ድድ እንደ ፈረንጅ ሕፃን ሮዝ ነበር። መስታወት አይታ «ይኼ የማን አፍ ነው?» አለች። ባለሙያው ያላሰበበት ነገር ነው እንጂ የአክሪሊክ ድድ ጠቆር ያለም፣ ቡና ዓይነትም አለ፤ ቀለም ተጨምሮበት ከሰውየው ድድ ጋር እንዲመሳሰልም ይደረጋል። ስለዚህ ልኬት ስትሰጡ የጥርሱን ቀለም ብቻ አትምረጡ፤ የድዱንም ጠይቁ። በተለይ ከአያቶቻችን ጋር የምትሄዱ ልጆች፣ እናንተ ጠይቁላቸው፤ እነሱ ሐኪም ፊት አይናገሩም።

አያያዙን በአጭሩ ልበል። ጥርሱን ፍል ውኃ ውስጥ አትክተቱት፤ ይጣመማል። ሲደርቅም ቅርፁ ስለሚለወጥ ሲወልቅ ማረፊያው ቀዝቃዛ ውኃ ነው። በጥርስ ሳሙና አትፈግፍጉት፣ ይጭረዋል፤ በተራ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ ሲታጠብ ከሥሩ ውኃ የያዘ ሳፋ ይቀመጥ፤ ከእጅ ቢያመልጥ እንዳይሰበር። ሲሰበር ደግሞ ከሱቅ በተገዛ ሙጫ አጣብቆ መምጣት የባለሙያውን እጅ ማሰር ነው፤ አንዴ ተንጋዶ ከደረቀ ስብራቱ አይገጥምም። ስብርባሪውን ሁሉ በጨርቅ ቋጥሮ መውሰድ ይበቃል።

ማታ ማውለቅ የሚለውን ግን ማንም አይሰማኝም። አንዲት ጎረቤታችንን «እማሆይ፣ ማታ ማታ ያወልቁታል?» ብላቸው፣ «ምን በወጣኝ! ሌሊት ነፍሴ ብትወጣ በድድ ልቀበር ነው?» አሉኝ። መልስ የለኝም፤ ሳቅሁ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጃፓን ጥናት ዕድሜያቸው 85 እና ከዚያ በላይ የሆነ 524 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከነጥርሳቸው የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ አደጋቸው ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አግኝቷል። ድድም በሌሊት እረፍት ካላገኘ ይቀላል፣ ይቆጣል፣ ፈንገስ ያበቅላል። ለእማሆይ ይህን ስነግራቸው ውኃ ያለበት ጽዋ ከራስጌያቸው አስቀመጡ፤ የሚከትቱበትን እንጃ።

ከዓመታት በኋላ «ጥርሱ ተበላሸብኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የተበላሸ ጥርስ የለውም። አጥንቱ ተመጦ ድዱ ስለወረደ ነው። አዲስ ከማሠራት በፊት የውስጡ በአክሪሊክ እንዲሞላለት ይጠይቅ፤ አሮጌው ጥርስ በአዲሱ ድድ ልክ ይሆናል፣ ወጪውም ከአዲስ በጣም ያንሳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ለፋሲካ ሥጋ እንዲደርስላቸው በሕማማት ሳምንት ልኬት የሚሰጡ አሉ። እንዲህ አይሆንም። ልኬት፣ የሰም ንክሻ፣ ሙከራ፣ ከዚያ ርክክብ፣ ከዚያም የሚያቆስለውን ቦታ ማስፋቅ አለ፤ ምልልሱ ብዙ ነው። ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ጀምሩ፤ 55ቱ ቀን በሽሮና በክክ መለማመጃ ይሆናል። የቆሰለውን ለማስፋቅ ስትሄዱ ደግሞ ሕመሙን ፈርታችሁ ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልላችሁ አትምጡ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ያለውን ቀን አድርጋችሁት ዋሉ። ቁስሉ ቀይ ሆኖ ካልታየ ባለሙያው የቱ ጋ እንደሚፍቅ አያውቅም።