ክሎሪን ከመግባቱ በፊት

የቧንቧ ውሃን ከተሕዋስያን የሚጠብቀው ክሎሪን፣ ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር ወደ ውሃው የሟሟ ቅሪት ሲያገኝ አዳዲስ ኬሚካሎች ይወልዳል። ሆላንዳዊው ኬሚስት ዮሃንስ ሩክ በ1974 እ.ኤ.አ. በሮተርዳም ውሃ ያገኘው ክሎሮፎርም ከእነዚህ ተረፈ ምርቶች አንዱ ነው። እስከ ዛሬ ከ700 በላይ ተለይተዋል፤ በሕግ ገደብ የተጣለባቸው ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። ትራይሃሎሜቴን ለሚባሉት አራቱ አሜሪካ በድምሩ በሊትር 80 ማይክሮግራም፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 100 ፈቅደዋል። በ2020 የወጣ ጥናት በኅብረቱ አገሮች ከሚከሰተው የፊኛ ካንሰር 5 በመቶ ያህሉ ከእነዚሁ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ገምቷል። ግምቱ የቆመው ሰዎችን በመከታተል በተገኘ መረጃ ላይ ስለሆነ ተጠራጣሪዎች ቢሞግቱት አይፈረድባቸውም፤ ችላ የሚባል ግን አይደለም።

ታዲያ ክሎሪኑ ይቅር? ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ የተረፈ ምርቱ ስጋት የሚመዘነው በአሥርተ ዓመታት ነው። በሌላ መድኃኒት መተካትም መዘዝ አለው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ተረፈ ምርቱን ለመቀነስ በኅዳር 2000 እ.ኤ.አ. ወደ ክሎራሚን ዞረች። ያሰበችው ተሳካላት፤ ነገር ግን በቧንቧዎቹ ውስጥ ረግቶ የኖረው የእርሳስ ቅርፊት መሟሟት ጀመረና እርሳሱ በየቤቱ ቧንቧ ወጣ። ችግሩ ጋብ ያለው በ2004 ፎስፌት መጨመር ከተጀመረ በኋላ ነው። ኦዞንም ቢሆን ብሮማይድ ባለበት ውሃ ብሮሜት የተባለ ሌላ ተረፈ ምርት ይፈጥራል።

«ሆላንዶች ያለ ክሎሪን ይጠጡ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይጠጣሉ፤ ግን ቅሪቱን በአሸዋና በከሰል አስቀድመው ያጣራሉ፣ ቧንቧቸው ብዙም አያፈስም፣ ግፊቱም አይቋረጥም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ግፊቱ ሲጠፋ ባዶው ቧንቧ በስንጥቁ ከአካባቢው ቆሻሻ ይስባል፤ በመስመሩ ላይ የሚቀረው ክሎሪን የመጨረሻው ዘብ ነው። ስለዚህ ሥራው ክሎሪን ከመግባቱ በፊት ነው ባይ ነኝ፤ እንደ ለገዳዲና ገፈርሳ ያሉ ግድቦችን ተፋሰስ ከመሸርሸር መጠበቅ፣ ቅሪቱን አዝቅጦ ማጣራት፣ ክሎሪኑንም ከማጣሪያው በኋላ መጨመር። ከሁሉ በፊት ግን የውሃ አገልግሎቶች ተረፈ ምርቱን በየጊዜው ለክተው ውጤቱን ለሕዝብ ያሳውቁ። የሚሰጋ አንባቢ በበኩሉ ውሃውን ክዳን በሌለው ዕቃ ቢያፈላ ክሎሮፎርሙ በአብዛኛው ይተናል፤ የከሰል ማጣሪያም ይረዳል፣ በጊዜው ከተቀየረ።