የሕሙማን ወጪ በማን ላይ ይሁን

መንግሥት ለሕዝቡ ሁሉ ሕክምናን ማቅረብ ይገባዋልን፥ ወይስ እያንዳንዱ ሰው በገንዘቡ ይታከም የሚለው ጥያቄ በብዙ አገር ሲያከራክር የኖረ ነው። ባለጸጋ ሰው ቢታመም ሐኪም ያስጠራል፥ መድኃኒት ይገዛል፥ ቢብስበትም ባሕር ማዶ ይሻገራል። ገበሬው ግን ሚስቱ በታመመች ጊዜ አስቀድሞ የሚያወጣው የጎተራውን እህል ነው። እህሉ ሲያልቅ በጎቹን፥ በጎቹ ሲያልቁ ከጥማዱ አንዱን በሬ ወደ ገበያ ይነዳል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና፥ ሚስቱ ብትድንለት እንኳ በመጪው ክረምት መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ የምርቱን እኩሌታ ለመቀበል ይገደዳል። የአንድ ወር ሕመም የብዙ ዓመት ድኅነት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ይህም የጥቂቶች ዕጣ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የጤና ወጪ በተመረመረ ጊዜ፥ ለጤና ከዋለው ገንዘብ ሁሉ ሲሶ ያህሉ ቤተ ሰቦች ከኪሳቸው የከፈሉት ሆኖ ተገኝቷል።

መንግሥት በዚህ ነገር እጁን እንዳያስገባ የሚመክሩ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ግምጃ ቤቱ ለአገር ጥበቃም፥ ለመንገድም፥ ለትምህርትም የሚከፈልበት ነው፤ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ይባክናል ይላሉ። እንግሊዞች በአውሮፓ አቆጣጠር ከሐምሌ 1948 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝባቸው ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲታከም ባደረጉ ጊዜ ይህ ክርክር ደርሶባቸዋል። ወጪው ከታሰበው በላይ ስለ ሆነ፥ በ1951 ዓ.ም. ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ታካሚው ዋጋ እንዲከፍል ቢወሰን፥ ሥራውን ያቋቋመው ሚኒስትር አኑሪን ቤቫን ይህን ተቃውሞ ከሹመቱ ወጣ። ዳሩ ግን ክፍያው ቢጨመርም ሥራው አልፈረሰም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሕክምናን ለሁሉ ማዳረስ አይቻልም የሚል ሳይሆን፥ የገንዘቡ ምንጭ አስቀድሞ ይታሰብ የሚል ነው።

ደዌ ደግሞ የባለጸጋን ደጅ ከድኃው ደጅ ለይቶ አያንኳኳም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ፥ በየጎጆው ያለውን ሕዝብ ሲፈጅ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪ መኮንንንም አልጋ ላይ አውሏቸው ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እየሰበሰቡ ማቃጠል የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ቆይቷል። የጎረቤቱ ሳል ያለ ሕክምና የቀረበት ሰው፥ የራሱ ልጅ ሐኪም ቢኖረው ምን ያህል ይጠቅመዋል?

ለካህናት ነገሩ እንግዳ አይደለም። በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ የሚያውቁለት ባስልዮስ ዘቂሣርያ፥ በአራተኛው መቶ ዓመት ከከተማው ውጪ ለሕሙማን፥ ለለምጻሞችና ለእንግዶች ታላቅ ማረፊያ ሠርቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ዋሌንስ በሃይማኖት ነገር ከእርሱ ጋር የተጣላ ሲሆን፥ በባስልዮስ ጥበቃ ሥር ላሉት ድኆች መሬት እንደ ሰጠ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሬጦስ ጽፏል። በቤተ መንግሥትና በቤተ ክህነት መካከል ያን ያህል ጠብ ሳለ የሕሙማን ነገር አንድ አደረጋቸው ማለት ነው።

በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፥ መንግሥት ለሕዝብ ጤናና ትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ አዝዟል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የሚለውን ወሰን አኑሯል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30 ሺህ የሚበልጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ፤ ደመወዛቸውንም የሚከፍል መንግሥት ነው። የክትባት፥ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናና በጤና ጣቢያ የመውለድ አገልግሎት ከክፍያ ነፃ ሆኑ። ዳሩ ግን የገበሬውን በሬ የሚያሸጠው ሌላው ሕመም፥ ቀዶ ሕክምናውና የሆስፒታሉ አልጋ፥ ከዚህ ውጪ ቀርቶ ነበር።

ለዚህ የተገኘው ዘዴ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሲሆን፥ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። አሠራሩም እድርን ለሚያውቅ ሕዝብ የሚከብድ አይደለም። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፥ ከቤተ ሰቡ የታመመው ሁሉ በመታወቂያው ይታከማል፤ መክፈል ለማይችለው ድኃ መንግሥት ይከፍልለታል። እድር ግን የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ሲሆን፥ ይህኛው በሕይወት ሳለ ይደርሳል። ለቀብር ሳይሰለቹ የሚያዋጡ ሰዎች ለመዳን ለማዋጣት ማመንታታቸው የሚያስገርም ነው።

ለማመንታታቸው ግን ምክንያት አላቸው። መታወቂያውን ይዞ ረጅም መንገድ የተጓዘ ሰው በጤና ጣቢያው መድኃኒቱ የለም ተብሎ፥ ከግል መድኃኒት ቤት በእጥፍ ዋጋ ቢገዛ፥ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን አይከፍልም። እርሱ ሲቀር ጎረቤቱም ይቀራል። ጤነኛው ቀርቶ ሕመምተኛው ብቻ በማኅበሩ ሲቆይ የሳጥኑ ገንዘብ ከወጪው ያንሳል፥ ገንዘቡ ሲያንስ መድኃኒቱ የባሰ ይጠፋል። ስለዚህ የወረዳ ሹም የመዋጮ ሰብሳቢነቱን ያህል የመድኃኒት ግምጃ ቤቱንም በዓይኑ ማየት ይገባዋል። ድኃው ተለይቶ በሚመዘገብበት ጉባኤም የደብሩ አገልጋይ ቢገኝ ደግ ነው፤ የሚያፍረውንና ችግሩን በአደባባይ የማይናገረውን ሰው ያውቀዋልና።

አንድ ነገር ግን በመንግሥት ሠራተኛው ላይ ይቀራል። ደመወዝተኞች ከደመወዛቸው በመቶ ሦስት፥ አሠሪውም እንዲሁ በመቶ ሦስት እያዋጡ እንዲታከሙ የታሰበበት የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ነገር ግን ደመወዙ ይቀነስብናል የሚለው ቅሬታ በርትቶ፥ የሚጀመርበት ቀን እየተላለፈ ብዙ ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት ገበሬው ከመኸሩ ሽያጭ ለማኅበሩ ሳጥን እንዲያዋጣ በየቀበሌው እየዞሩ ሲያስረዱት የነበሩት እነዚሁ ደመወዝተኞች ነበሩ።